ወደ ውስጥ የዞረው ጭስ

ዮንህዋ ለይታ ያጠራቀመችውን የሚጣል ወረቀትና ጠርሙስ ተሸክማ ወደ ግቢው ስትወርድ ደረጃው ሥር ከጎረቤቷ ከአቶ ጉ ማንሲክ ጋር ተጋጨች። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው የያዙት ጎድጓዳ ሳህን ተንጋደደና በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ።

«ይቅርታ አባባ» አለች። ሳያዩ የመጡት እሳቸው ነበሩ። በኮሪያዋ ከተማ በጄቾን ግን ሽማግሌና ወጣት ሲጋጩ ይቅርታ የሚለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

«ግድ የለም፣ ግማሹ ተርፏል። የዶንግቺሚ ውሃ ነው፤ አሁን ከማሰሮው ቀዳሁት። ባለቤቴ ኦክሬ ራሷን ካመማት ሦስት ቀኗ። ይሄን ስትጠጣ ቀለል ይላታል።»

ዮንህዋ የረጠበ ጫማዋን ረሳችው። ቤቶች በድንጋይ ከሰል በሚሞቁበት ዘመን፣ በከሰል ጋዝ ለታፈነ ሰው ሁሉ ፍጅል በጨው የከረመበትን ይህንኑ ውሃ ይግቱት እንደነበር ከአያቷ ሰምታለች። የዳነው ዳነ፤ ስላልዳነው ግን ማንም አያወራም።

«የሚቀላቸው ይሄን ሲጠጡ ነው ወይስ ገበያ ሲወጡ?»

«ማን ነገረሽ? ገበያ ስትሄድማ ደህና ናት። ቤት ስትገባ ይነሳባታል። እኔን ማየት ሰልችቷት ይሆናል እላለሁ» ብለው ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ወለል የሚያሞቁት የአራቱ ቤቶች የጋዝ ቦይለሮች ካሏቸው ጭስ ማውጫዎች ሦስቱ በዚያ ውርጭ ነጭ እንፋሎት ይተፋሉ። የእነ አቶ ማንሲክ ግን በአሮጌ ሹራብ የተወተፈ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ወደ ሥራ ስትሄድ አይታው ነበር። አራት ዓመት ስለ እሳትና ስለ ጭስ የተማረች መሐንዲስ አይታ፣ «የሰው ቤት ነው፣ ሽማግሌ አይጠየቅም» ብላ አልፋለች። ንዴቱ መጀመሪያ የነደደው በራሷ ላይ ነው።

«አባባ፣ ጭስ ማውጫው የት ሄደ?»

«ወደ ውስጥ አዞርኩታ!» ደረታቸው ተነፋ። «ባለፈው ሳምንት ብርዱ ሲበረታ የፍሳሽ ቱቦው በረዶ ሆነ፤ ቦይለሩ የብልሽት ቁጥር እያበራ ይጠፋብኛል። የማስነሻ ቁልፉን ስጫን ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። ከዚያ አሰብኩ። ያ ሁሉ ሙቅ እንፋሎት ለምን ሰማዩን ያሞቃል? ወደ ቦይለሩ ክፍል መለስኩት። ቱቦው ቀለጠ፣ ልብስም ይደርቅበታል። ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ!»

«ያሰቡት ነገር ሰው ሊገድል ነው!»

ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። ከላይ አንድ መስኮት ተከፈተ።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ዝቅ! ይሄን ኮረብታ ሃያ ዓመት ከሰል በጀርባዬ እየተሸከምኩ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጋዝ ልታስተምሪኝ ነው? የከሰሉ ይሸታል። ይሄ ንጹሕ ነው፤ የሚወጣው ውሃ ነው፣ መስታወቱን ያልበዋል።»

«ውሃም አለው፣ መርዝም አለው። ያኔ የሸተተዎት ሌላው ጭስ ነው እንጂ ገዳዩ አይደለም። ገዳዩ ያኔም አይሸትም፣ ዛሬም አይሸትም። ራሱ ነው፤ ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ! የጋዝ ማስጠንቀቂያው አልጮኸም?»

«ምኑ? ያ ክብ ነገር? መች ዝም አለ! ተበላሽቷል ብዬ ባትሪውን አወጣሁት።»

ዮንህዋ የያዘችውን ሁሉ በረዶው ላይ ጣለችና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። አክብሮት ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚከበረውን ሰው ተኝቶ ሲሞት ቆሞ ማየት አክብሮት አይባልም።

ወለሉ እንደ ምጣድ ይፋጃል። መስኮቶቹ ብርድ እንዳያስገቡ በፕላስቲክ ተለብጠዋል። እማማ ኦክሬ ፍራሻቸው ላይ ተዘርግተዋል፤ ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ሲጠሯቸው ከማቃሰት በቀር መልስ የለም።

«እንቅልፍ ወስዷት ነው። ሙቀቱ ተስማምቷታል፣ ፊቷን አታዪም?» አሉ ባልየው ከኋላ እያለከለኩ።

ቦይለሩን አጠፋች፣ አንዱን መስኮት ከነፕላስቲኩ ገነጠለችው፣ ሴትዮዋን በብብታቸው ይዛ እየጎተተች ደጅ አወጣቻቸው።

«በዚህ ብርድ! ልትገያት ነው እንዴ!»

«ብርድ ልብስ ያምጡ! ቶሎ ይውጡ፣ እዚያ እንዳይቆዩ!»

ብርድ ልብሱንም ሳህኑንም ይዘው ወጡ። ሳህኑን ወደ ሚስታቸው ከንፈር ሲያስጠጉ ዮንህዋ እጃቸውን መታ አደረገችው፤ ውሃው በሙሉ ተደፋ። በሕይወቷ በሽማግሌ ላይ እጇን ስታነሳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ራሱን ያላወቀ ሰው ውሃ አይጠጣም! ሳንባቸው ይገባል። የሚያስፈልጋቸው አየር ነው!» አለችና ለአምቡላንስ ደወለች።

ከዚያ በሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ከነባትሪው የተጣለውን ማስጠንቀቂያ አነሳች፤ ባትሪውን አስገብታ ደፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው ዝም አለ» አሉ አቶ ማንሲክ። «አላልኩሽም? በአንድ ራስ ምታት—»

ማስጠንቀቂያው ጮኸ።

ሽማግሌው ክብ ነገሩን አዩ፣ ከዚያ የሚስታቸውን ጉንጭ አዩ። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ከሰሉ የገደላት እህቴም እንዲህ ነበረች» አሉ። «ያን ጠዋት ከክፍሏ ስናወጣት ፊቷ ቀልቶ ነበር። ሰዉ ሁሉ፣ እንዴት አምሮባታል ይል ነበር። ዮንህዋ፣ ትተርፋለች?»

«አላውቅም» አለች። ማባበል አልቻለችበትም።

እማማ ኦክሬ ሁለት ቀን ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ተረፉ። አንድ የቦይለር ባለሙያ ጭስ ማውጫውን መልሶ ገጥሞ፣ መጋጠሚያውን አሽጎ ከሄደ በኋላ አቶ ማንሲክ የዮንህዋን በር አንኳኩ። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ሌላ ቀን ቦይለሩ ቁጥር ሲያበራ ምን ላድርግ?» አሉ።

ንዴቷ ገና አልበረደም ነበር። ቢሆንም ካፖርቷን ደርባ ወረደችና ቦይለሩ ፊት አቆመቻቸው።

«ሲጠፋ በመጀመሪያ ሶኬቱንና የጋዙን ቧንቧ ያያሉ። ከዚያ ይሄን የግፊት መለኪያ፤ መርፌው ከአንድ በታች ከወረደ ውሃ ጎድሏል ማለት ነው፣ ባለሙያው ባሳየዎት ቧንቧ ይሞላሉ። ብርድ ከሆነ ጥፋቱ የዚህ የፍሳሽ ቱቦ ነው። በጨርቅና ለብ ባለ ውሃ ያቅልጡት፤ የፈላ ከደፉበት ይሰነጠቃል። ብርዱ ሳይገባ ቢጠቀልሉት ደግሞ በረዶ አይሆንም።»

«ቁልፉንስ?»

«አንዴ ይጫኑ። መልሶ ከጠፋ እጅዎን ያንሱ፣ ቁጥሩን ጽፈው ለባለሙያ ይደውሉ። ማሽኑ ራሱን የሚያጠፋው እርስዎን ሊያናድድ አይደለም። ሽፋኑና ጭስ ማውጫው ደግሞ የእርስዎ አይደሉም። አይነኩም!»

«እሺ። እንፋሎቱን አይቶ መተው ግን ያንገበግባል» አሉ።

«ያንገብግብዎት!»

በዚያ ሳምንት አቶ ማንሲክ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሩ፤ ጭስ ማውጫ እያዩ፣ በማስጠንቀቂያ ባትሪ ጉዳይ ከእኩዮቻቸው ጋር እየተጨቃጨቁ። የሁለት ቤት መጋጠሚያ ላልቶ አገኙና እንዲጠገን አደረጉ። የእማማ ኦክሬ ራስ ምታት አልተመለሰም። ዶንግቺሚው ወደ ቦታው፣ ወደ ምሳ ገበታ ተመለሰ፤ ለእማማ ኦክሬም እንዲህ ጣፍጧቸው አያውቅም ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሽማግሌው የማስጠንቀቂያውን መሞከሪያ ይጫናሉ። ጩኸቱ ወለሉን አልፎ ዮንህዋን ከእንቅልፏ ያባንናታል። በወር አንዴ እንደሚበቃ ልትነግራቸው ስንቴ አስባ ትራሷን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች። እስካሁን አልነገረቻቸውም።