እባክዎ ከፍ ይበሉ

ካረጀሁ ወዲህ ካመጣሁት አመል ሁሉ የባሰው፣ ሰው ሲያከብረኝ መናደዴ ነው። በቀደም ለታ፣ ለዓመታት አብሮኝ ያስተማረው አው ዩሱፍ ከዑምራ ተመለሰ ሲሉኝ፣ እንኳን ደህና መጣህ ልለው ጀጎል ውስጥ ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ እንደ ጥንቱ ነው፤ ወንበር የለም። ያለው ነደባ የሚሉት፣ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ የተሠራ ቀይ መደብ ነው፤ የሽማግሌ ቦታ ደግሞ ከላይ ነው። ጫማዬን አውልቄ ከታችኛው ጫፍ አረፍ ልል ስል ሴት ልጁ ፈቲያ አየችኝ። "ኧረ መምህር፣ ምን ሲደረግ! ከፍ ይበሉ!" ቤቱን የሞላው እንግዳ ሁሉ ተቀበላትና "ከፍ ይበሉ፣ ከፍ ይበሉ" ሆነ። ጉልበቴን ያመኛል ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልናገር? ጉልበቴ እየተንቋቋ ወጣሁና ከዩሱፍ ጎን ተቀመጥኩ።

እንግዳው አንድ በአንድ ወጥቶ አለቀ። እኔ መውረዱን ሳስበው ላብ በላብ ሆንኩ። ዩሱፍ ይነሳል ብዬ ብጠብቅ እሱም ንቅንቅ የለም። ወሬያችን አልቆ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሳህኖች እያየን ቀረን። በመጨረሻ ጠጋ ብዬ፣ "አንተ፣ በገዛ ቤትህ አትነሳም እንዴ?" አልኩት።

"ወላሂ፣ ቀድመህ ወርደህ እጄን ትይዘኛለህ ብዬ እኮ ነው የምጠብቅህ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይሄኔ ፈቲያ ብቅ አለች። "ምን ያህል ብትናፈቁ ነው፣ ጨዋታው አላልቅ ያላችሁ! ሻይ ልድገማችሁ?"

ሁለታችንም እኩል፣ "ድገሚን!" አልናት።