ያለ ጭስ የመጣው መነጽር

መነጽሬን ያሠራሁት ከቤቴ ሦስት ሱቅ አልፎ ካለው መነጽር ቤት ነው። «ደጅዎ እናደርስልዎታለን» ሲሉኝ ስንፍናዬ ደስ አለውና እሺ አልኩ። በሦስተኛው ቀን የጡረተኛ መምህር ሥራዬን ይዤ በመስኮት ስመለከት፣ አንድ የዕቃ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ መንገዱ ጥግ ቆሞ ያጨሳል። የማውቃቸው አጎትና የእህታቸው ልጅ ካርቶን እያወረዱ አረንጓዴ ቅጠል በተሳለባት የባትሪ ሞተር ሳይክል ላይ ይጭናሉ።

አጎትየው የዕቃ ማድረሻ ድርጅቱ የሥርጭት ኃላፊ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው ያሉት ሰዓት ዝንፍ ብሎ ስለማያውቅ ጋሼ ደቂቃ እንላቸዋለን። የእህታቸው ልጅ ተምራ የሞተሮቹን ባትሪ ትጠግናለች፤ ሰው ሲጎድልም ትነዳለች። ወርጄ ሰላም አልኳቸው።

«እንኳን መጡ መምህር» አሉኝ ጋሼ ደቂቃ፣ ከደረት ኪሳቸው ወረቀት እያወጡ። «ነገ ድርጅቱ በጠራቸው ባለሱቆችና ደንበኞች ፊት የማነበው ነው። እስቲ ይስሙኝ።» ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «ዕቃችሁ ከላኪው እጅ እስከ ደጃችሁ ያለ ጭስ እንደሚደርስ በስሜ እመሰክራለሁ።» ጭስ የምትለዋ ላይ የመኪናው ጭስ አስሏቸው ሁለቴ ነው ያነበቧት።

ልጅቷ ካርቶኑን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄን አያንብቡ።»

«ምነው ልጄ? በባትሪ የምታደርሺው አንቺው አይደለሽ?»

«ከዚህ ጥግ እስከ መምህር በር ነዋ። መነጽራቸው እኮ ከዚያ ሱቅ ወጥቶ በዚሁ መኪና ከከተማ ውጭ ያለው መጋዘን ሄደ። አድሮ በዚሁ መኪና ተመለሰ። ድካሙ የመኪናው፣ ምስጋናው የሞተሯ። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ ማለት ይሄ ነው።»

«ሁሉም በአንዴ አይሆንም። ልጅም መጀመሪያ ይድሃል።»

«እየዳኸ ነው እንበላ። ሮጠ ብለን ለምን እንመሰክራለን?»

ጋሼ ደቂቃ ውሸታም አይደሉም። ቅጠሉን ሲያዩ ልባቸው ደስ ብሎት የቀረውን ሳይጠይቁ ያለፉ ደግ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ማታለል ደግሞ የሚያምነው ደግ ሰው ካላገኘ አንድ ቀን አያድርም። እኔም ሦስት ሱቅ መራመድ ከብዶኝ እንደታለልኩ ነገርኳቸውና አፈርኩ።

«ወረቀቱን የጻፉት የቢሮ ሰዎች እኮ የተማሩ ናቸው» አሉ ጋሼ ደቂቃ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ጋሼ፣ ሰው ነገ የሚያምነው ወረቀቱን አይደለም፣ እርስዎን ነው። አንዲት እናት ተነስታ ‹እውነት ከመነሻው ያለ ጭስ ነው የመጣው?› ብትልዎ፣ ዓይኗን እያዩ አዎ ይሏታል?»

ጋሼ ደቂቃ ወደ መኪናው ሄደው ሾፌሩን «አጥፋው» አሉት። መንገዱ ጸጥ አለ፤ ከፎቅ ልብስ የምታሰጣ ሴት እንኳ ቀና ብላ አየች።

«እሺ፣ ምን ልበል?»

«ያለውን። ሁለት የባትሪ ሞተርና አሥራ አንድ መኪና አለን ይበሉ። የአንድ ሰፈር ዕቃ መጋዘን ሳይሄድ እዚያው ሰፈር ውስጥ ይድረስ፣ መኪናም ሲቆም ይጥፋ ይበሉ። ነዳጁ ይቀንሳል፣ ዕቃው በዕለቱ ይደርሳል፣ የእርስዎም ሳል ፋታ ያገኛል።»

«ከሥራ ቢያስወጡኝስ?»

«ሊያስወጡዎት ይችላሉ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የለም ብዬ አልዋሽዎትም።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለው እስክሪብቶዬን ተዋሱኝ።

በማግስቱ ያለውን እንዳለ አነበቡ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ፊታቸው ጠቆረ። ባለሱቆቹ እንግዶች ግን የሰፈር ለሰፈሩን ነገር ይዘው አልለቅ አሉ፤ በወሩ ተጀመረ። አሁን ከመነጽር ቤቱ እስከ እኔ በር የሚመጣ ዕቃ በእርግጥ ጭስ አያውቅም።

ጋሼ ደቂቃ ከሥራ አልወጡም፤ የተግሣጽ ደብዳቤ ግን ደረሳቸው። «ያልተፈቀደ ንግግር አድርገዋል» ይላል። ለእኔና ለእህታቸው ልጅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን።

«ይሄኛው» አሉ ሲጨርሱ፣ «አንድ ቃል ውሸት የለበትም።» ከሥሩም በደስታ ፈረሙበት።