ጡቡን ያንኳኳሁ ቀን

ፎርማናችን እኔ በነካሁት ጣሳ ውኃ አይጠጣም ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ በእኛ በአሪ አገር ደግሞ ሸክላ ሠሪን ገበሬ ቤቱ አያስገባም፣ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። እኔ ጂንካ ጡብ ማምረቻ ውስጥ ውኃ ተሸካሚ ነበርኩ፤ እሱ ሱፐርቫይዘር ለመሆን ይጠባበቅ ነበር። ታዲያ ጡቡ ከምድጃ በወጣ ቁጥር እየተሰነጠቀ አስቸገረ። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና፣ «ጓዶች፣ ይሄ ካልተስተካከለ ማምረቻው መዘጋቱ ነው» አለን። ፎርማኑ፣ «እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ነው» አለ። እኔ አላስቻለኝም። «እንጨቱ አይደለም! ጡቡን ፀሐይ ላይ ስለምታሰጡት ነው። እናቴ ድስቷን ጥላ ውስጥ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍና ነው የምታደርቀው» አልኩ።

ፎርማኑ ሳቀ። «ጡብና ድስት አንድ ነው እንዴ?»

«አፈሩ አንድ ነው» አልኩት።

ሥራ አስኪያጁ፣ «እስቲ አንዴ ትሞክረው» አለ። ጡቡን እንደ እናቴ ጥላ ውስጥ አድርቄ አስገባሁ። ምድጃው የተከፈተ ዕለት አንዱን ጡብ አንስቼ በጣቴ አንኳኳሁት፤ ስንጥቅ እንደሌለው ድስት ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውም ጮኸ፣ ሦስተኛውም። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ሰው ፊት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሱፐርቫይዘራችሁ እሷ ናት» አለ። እልል ያልኩት ራሴ ነኝ፤ ማንን ልጠብቅ!

በሳምንቱ ፎርማኑ ጡብ ታቅፎ መጣ። «እስቲ ይቺን ይስሙልኝ፣ በስላለች?»

አንኳኳሁ። «አልበሰለችም፤ መልሳት።»

መልሷት ሲመጣ ላብ በላብ ሆኗል። ጣሳዬን አንስቶ ጭልጥ አደረገና፣ «ትንሽ ይጨምሩልኝ» አለኝ።

«በርሜሉ ያውና፣ ራስህ ቅዳ» አልኩት። «እኔ ውኃ ማመላለስ ትቻለሁ።»