ሰጪው መጥቶ ይፈርም

ከአምቦ ወደ ጉደር ታክሲ ስሳፈር ጆሮዬ ከኔ ቀድሞ ነው ቦታ የሚይዘው። ከፊቴ ጥቁር የለበሰች ሴትዮ፣ የመሬት ቢሮውን የኮምፒውተር ልጅ ጎኗ ተቀምጦ አግኝታ ያዘችው።

«ባሌ ሳይሞት ፈርሞ መሬቱን በስሜ አዙሮልኝ የለ? እንዴት ጠፋ ትሉኛላችሁ?»

«አዴ፣ ኮምፒውተሩ የተለወጠውን ሁሉ መጀመሪያ ሎግ የሚባል መዝገብ ላይ ይጽፋል። እሱ ሞላና ማሽኑ ቆመ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ቦታ ይልቀቅ ብዬ ሎጉን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ዳታቤዙ አልከፈት አለ።»

«ቅጂ አታስቀምጡም?»

«የአምናው ነበር፣ ከሱ መለስነው። የእርስዎ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።»

«የፈረመበት ወረቀትስ?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል ተብሎ ከቢሮ ተጠረገ። ቆሎ ሻጮች ወሰዱት።»

«ወንድሙ እኮ ‹ስምሽ የለም› ብሎ መሬቴ ላይ በሬ ጠምዶ ሊገባብኝ ነው።»

«እንግዲህ ሰጪው እንደገና መጥቶ ይፈርም ነው አሠራሩ።»

«ከመቃብር ተነሥቶ?»

«እኔ አሠራሩን ነው የነገርኩዎት፣ አዴ።»

መናኸሪያ የገዛሁትን ቆሎ ቀሚሴ ላይ ዘርግፌ፣ ፊደል ባልቆጥርም የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈትቼ አገላብጬ አየሁት።