ዒዱ መቼ ነው?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ዓረብኛ የለመድኩት ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ነው። ትናንት እዚህ ቶሮንቶ፣ በኢቶቢኮ ሰፈር አውቶብስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ዓረብ እናት ከሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር።

«ዒድ ነገ ነው፤ ሳዑዲ ጨረቃ ታይታለች ብሏል ቴሌቪዥኑ» አለ ታላቅየው።

«የሳዑዲ ጨረቃ ቶሮንቶ ምን አገባት? ስልኬ ከነገ ወዲያ ነው ይላል» አለ ታናሽየው።

«እንግዲያው ለስልክህ ስገድ!»

«አንተ ለቴሌቪዥኑ እንደምትሰግደው?»

«እኔስ፣ ነገ ልጹም ወይስ ልብላ?» አሉ እናትየው።

«ብዪ!»

«ጹሚ!»

«ያ ሁሉ የዓረብ አገር በአንዲት ጨረቃ መስማማት አቃተው፤ ሁለታችሁ እንኳ ያቅታችሁ?»

ሳቄ አመለጠኝና አንገቴን ደፋሁ። እናትየው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ገባሽ አይደል? እስቲ አንቺ ፍረጂ ልጄ፤ አንዱ ሲጾም አንዱ ሲበላ፣ ነገ ድስት ለማን ልጣድ?» አሉኝ።