አጎጎ ኤሉቤና የጎርፍ ጡሩምባ

ሰው ከሚፈራው ነገር ሲሸሽ ከባሰው ላይ መውደቁ ስንቴ ታየ! መንደሩ አጎጎ፣ ማለትም አያት፣ የሚላቸው ባልቴቷ ኤሉቤም ሁለት አምባዛ በቅርጫት ይዘው ከዓሣ ገበያ ሲመለሱ ሐሳባቸው ሁሉ ሰማዩ ላይ ነበር። በቲዮሎ ተራሮች አናት ላይ ደመናው ጠቁሮ ተቆልሏል። ልጃቸው ማሊታ ደግሞ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና ሳለ፣ ጉማሬ በቆሎዬን ይጨርስብኛል ብላ ሽሬ ወንዝ ዳር ካለችው ጎጆዋ አልወጣም ብላለች።

ከኋላቸው የብስክሌት ደወል ሰሙ። ከብስክሌት ታክሲው ላይ ዘሎ የወረደው ማሳውኮ ነበር፤ ባለፈው ዓመት የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን ኮምፒውተርና ጡሩምባ ቤታቸው ያስቀመጠው የተማረ ወጣት።

"እንዴት ዋሉ አጎጎ? እግዜር ነው ያገናኘን፤ ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነበር።"

"ደህና ነኝ ልጄ። ምነው ላብ በላብ ሆንክ? ሰው ሞተ እንዴ?"

"እስካሁን አልሞተም። ኮምፒውተሩ ግን ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ከላይ ወንዙ ውስጥ ያለው የውሃ መለኪያ በስልክ ሞገድ ይጠራዋል፣ አይመልስም። ነክተውት ነበር?"

"መንካትማ ምን አባቴ ብዬ! ትናንት ሰማዩ ሲያጉረመርም ሶኬቱን ነቀልኩና በጨርቅ ሸፍኜ አስተኛሁት። መስታወቱንም ሸፈንኩ። ምን አጠፋሁ?"

"አጎጎ! በዝናብ ቀን?"

"ታዲያ በፀሐይ ቀን ልንቀለው? መብረቅ በፀሐይ ይመጣል እንዴ!"

መቼም እውነቱ ይነገር፤ በዚያ መንደር ነጎድጓድ ሲሰማ ሶኬት የማይነቅል፣ መስታወት የማይሸፍን ቤት የለም። ልማዱም እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ነገር ግን የጎርፍ ጠባቂን በዝናብ ቀን ማስተኛት፣ ሌባ ሲመጣ ዘበኛውን "ሂድ ተኛ" እንደማለት ነው። ማሳውኮም ይህንኑ መንገድ ለመንገድ ሲያስረዳቸው ቤት ደረሱ።

ኮምፒውተሩ ከመዳፍ አይበልጥም። ማሳውኮ ጨርቁን ገልጦ ሰካው። ቀይ መብራት በራ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

"ይኸው በራልህ! ምን ሆነ ትላለህ?" አሉ አጎጎ።

"ቀዩ 'ኤሌክትሪክ አግኝቻለሁ' ማለት ብቻ ነው። አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ካላለ ግን አእምሮውን ስቷል። አእምሮው ያለው እዚህች ጥፍር የምታክል ካርድ ላይ ነው። እየጻፈባት ሳለ ሳይነግሩት ሲነቅሉት ተበላሸች። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ልጫንባት።"

ካርዷን ላፕቶፑ ውስጥ አስገብቶ መቅዳት ጀመረ። ሥራው ይንቀራፈፋል፣ ሰማዩ ግን አይጠብቅም። አጎጎ ኤሉቤ በር ላይ ቆመው አንዴ ደመናውን አንዴ ቁልቁል ወንዙን ያያሉ።

"ባሌን ሳይዚን ምን እንደገደለው ታውቃለህ?"

"መብረቅ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"የሬዲዮውን ሽቦ እንደያዘ ነው። 'ዜናውን ሰምቼ እነቅለዋለሁ' አለ፤ ሳይሰማም ሳይነቅልም ቀረ። አንተ ደግሞ መጥተህ ተሰክቶ ይዋል ትለኛለህ። ልሙትልህ?"

"እርስዎ እንዲድኑ ማሊታን ውሃ ይውሰዳት?" አለና ወዲያው ደነገጠ። "ይቅርታ አጎጎ፣ ከአፌ አመለጠኝ።"

አጎጎ ኤሉቤ ዓይናቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ነገሩ አንጀታቸው ድረስ ገባ።

ካርዷ ተቀድታ አለቀች። ማሳውኮ መልሶ ከተታትና ትንሽ ስክሪን አያያዘበት። በራ፤ ጠፋ፤ ደግሞ በራ። ከስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብቅ አለ።

"ያውልህ! ሳጥኑ ውስጥ ገባ! ንቀል፣ ንቀል በማርያም!"

"ኧረ አይደለም አጎጎ፣ 'ራበኝ' ማለቱ ነው። ኃይል ሲያንሰው ነው ይህን የሚያሳየው። ቆይ፣ ይሄ ገመድ የኔ አይደለም። የሰጠሁዎት ወፍራሙ የት ሄደ?"

አጎጎ አንገታቸውን አቀረቀሩ። "ጎረቤቴ ሎኒካ ስልኬን ልሙላበት አለችኝ። የሷን ቀጭኑን ተወችልኝ። ገመድ ያው ገመድ ነው ብዬ…"

"ለስልክ ይበቃል፤ ለዚህ አይበቃም። ጠኔ ይዞት ነው የሚወድቅ የሚነሳው።"

አጎጎ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳያጠልቁ ጎረቤት ሮጡ፤ ገመዱን ነጥቀው ተመለሱ። ያኔ አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እፎይ ሳይሉ የነጎድጓዱ ድምፅ የቆርቆሮ ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። የአጎጎ እጅ ሶኬቱ ላይ አረፈ።

ማሳውኮ እጃቸውን አልያዘም። "ይነቅሉታል አጎጎ፤ ትክክል ነዎት። ጥቂት ብቻ ይታገሱኝ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ለጡሩምባው የመኪና ባትሪ ስሰጥ፣ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ሶኬት ጋር አያይዤ ትቼው ሄድኩ። አሁን ሁለቱም ከባትሪው ይብሉ።"

"ዝጋ" ብሎ ኮምፒውተሩን አዘዘው። "አዩ? አረንጓዴው ዝም እስኪል ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ መንቀል ይቻላል።" ገመዱን ከግድግዳው አውጥቶ ከባትሪው ጋር አገናኘው። መብራቱ እንደገና ነቃ። "አሁን ባትሪው የሚሞላበትን ሶኬት ይንቀሉ።"

አጎጎ በገዛ እጃቸው ነቀሉ። መብራቱ አልጠፋም።

"ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም?"

"ምንም የለም። መብረቁ በሽቦ አይመጣበትም፤ እሱም አይተኛም።"

"ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ እኔስ መች እከራከርህ ነበር!"

ብዙም ሳይቆይ ጡሩምባው ጮኸ። መለኪያው ላይ ውሃው ከምልክቱ አልፏል። ከታች ከወንዙ ዳር ሰዎች ምንጣፋቸውን ተሸክመው፣ ፍየላቸውን እየጎተቱ ዳገቱን ይወጡ ጀመር። አጎጎ ኤሉቤ ከነጎድጓዱ በታች ቆመው እያንዳንዱን ፊት ያያሉ። ማሊታ የለችም። ሌሎች አለፉ። የለችም። በመጨረሻ ሆድዋን በእጇ ደግፋ፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ ብቅ አለች። ከኋላዋ ሽሬ በቆሎውን ከነጎጆው ጠርጎ ወሰደው።

እናትዋ አንገትዋ ላይ ተጠመጠሙ።

"ተመስገን ጮኸ እማዬ!" አለች ማሊታ እያለከለከች። "ትናንትም ሲዘንብ ፈርቼ ልወጣ ነበር። ጡሩምባው ዝም ሲል፣ የእማዬ ጡሩምባ ካልጮኸ ሰላም ነው ብዬ ለጥ ብዬ ተኛሁ።"

አጎጎ ኤሉቤ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ አፈር ልብላ!" አሉ። የተሰበሰቡት ሴቶች ሊያነሷቸው ቢሞክሩ እምቢ ብለው፣ እዚያው እንደተቀመጡ ተናገሩ።

"ስሙኝ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መብረቅ ሲመጣ ንቀሉ፣ አትፍሩ አልላችሁም። የሚጠብቃችሁን ግን ከባትሪ አብሉት እንጂ አታስተኙት። ስታጠፉትም ንገሩት፣ ዝም እስኪል ጠብቁት። ገመዱን ለማንም አታውሱ፤ ሎኒካ፣ አንቺም አትጠይቂኝ! ይህን ካደረግን እርጉዙም ሽማግሌውም ውሃው ሳይደርስበት ይወጣል፤ በቆሎ እንደሆነ ይዘራል። መብረቅ የወሰደብኝ አንድ ሰው ነው። የኔ ፍርሃት ግን ትናንት ሁላችሁንም ሊወስድ ነበር።"