ናሆም ሲወድቅ

እኔ ኳስ አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ በሰፈራችን ቡድን የታወቅሁ ክንፍ ተጫዋች ነበርኩ። ልጄ ናሆም ግን ብሩክሊን ሴንተር ስላደገ፣ የሚጫወተው ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ነው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ኦፍ ሆኜ ላየው ሄድኩ። ኳሱን ይሰጡታል፣ አቅፎ ሰው መሀል ይገባል፣ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይደፉታል። ደግሞ ይሰጡታል፣ ደግሞ ይደፉታል። ደሜ ፈላ! «አቀብል እንጂ፣ አንተ ልጅ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ቆይቶ እንደልማዱ አጎንብሶ ሲገባ ተጋጣሚዎቹ በሙሉ ተከመሩበት። ገደሉት ብዬ አጥሩን ልዘል ስል ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ቀና ብል ኳሱ በአየር ሄዶ፣ ማንም ያልጠበቀው አንድ ቀጭን ልጅ ቀልቦት፣ የመጨረሻውን መስመር አልፎ ይጨፍራል! የኔው ከክምሩ ሥር ወጥቶ ባዶ እጁን እያሳየኝ ይስቃል።

መኪና ውስጥ «ኳሱን መቼ ሰጠኸው?» አልኩት። «መጀመሪያም አልያዝኩትም፣ ኳሱ የሚሰጠኝ ልጅ እጅ ላይ ነው የቀረው፤ እሱ ሲወረውረው እኔ የያዝኩ መስዬ ነው የሮጥኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ባልወድቅላቸው ማን ያምነኝ ነበር፣ ዳድ?» አለኝ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። በሚቀጥለው ጨዋታ ገና ሲደፉት ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ፈረንጅ ደንግጣ፣ «የወደቀው ያንተ ልጅ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«የኔ ነው እንጂ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «ይልቅ አንቺ ኳሱን ወደ ላይ ጠብቂ!»